«የእናቴን ኪኒን የአዳማ ሙቀት ገደለው?»

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምንኖረው አዳማ ነው። እናቴ 61 ዓመቷ ነው፤ ግፊት አለባት። ጥቅምት 10 ላይ አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም፣ በቀን አንድ፣ የሦስት ወር ተብሎ 90 ፍሬ ተሰጣት። እንዳይጠፋባት ብዬ ሁሉንም ከስትሪፑ ፈልቅቄ ባዶ የማር ብልቃጥ ውስጥ ከተትኩላት። ብልቃጡን ቡፌው ላይ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጥኩት። ቤታችን ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። መጋቢት ላይ ሙቀቱ ሲብስ ወደ ፍሪጅ አዛወርኩት። ባለፈው ሳምንት ስትለካ 170/100 ሆነ። ከጥቅምት ወዲህ የተለካችው ያን ቀን ብቻ ነው። ጎረቤታችን «መድኃኒቱን ሙቀት ገድሎታል» አለች። እናቴም «ኃይሉ ከቀነሰማ ሁለት ሁለት እውጣለሁ» ብላ ከጀመረች ሦስት ቀን ሆናት። አሁን 34 ፍሬ ቀርቷል። ልጣለው? እኔ ባበላሸሁት መድኃኒት አንድ ነገር ብትሆንብኝስ?
ሚያዝያ 12፣ ከአዳማ

መልስ

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ሌላውን ሁሉ ያስጻፈሽ እሱ ይመስለኛል። እናትሽን አልጎዳሻቸውም። ግፊታቸውን 170/100 ያደረሰው የማር ብልቃጡ አይደለም። በብልቃጡ የምወቅስሽ ነገር አለኝ፤ እሱን ቆይቼ አመጣዋለሁ። ዋናው ጥፋተኛ ግን ሌላ ነው፤ ራስሽ ጽፈሽልኛል። 34 ፍሬ።

እስቲ አብረን እንቁጠር። ጥቅምት 10 ላይ 90 ፍሬ ነበር። በቀን አንድ ቢዋጥ ጥር 10 ገደማ ያልቃል። አሁን ሚያዝያ ነው፤ ስድስት ወር አልፏል። የተዋጠው 56 ነው። ከዚያ ላይ የሰሞኑን «ሁለት ሁለት» ስድስት ፍሬ ቀንሺ። 50 ቀረ። በስድስት ወር 50 ፍሬ ማለት በሳምንት ሁለት ኪኒን ማለት ነው። የታዘዘላቸው ሰባት ነበር። ሙቀት ኪኒን ያዳክም ይሆናል፤ ብልቃጥ ውስጥ ግን አያስተርፍም።

አደራ፣ በዚህ እንዳትቆጪያቸው። ቁጭ ብለሽ፣ ቡና እየጠጣችሁ፣ ለምን እንደሚዘሉት ጠይቂያቸው። ምናልባት ጾም ይሆናል። ጠዋት «በባዶ ሆዴ እንዴት እውጣለሁ» ተብሎ የተተወ ኪኒን ማታ ይረሳል። አምሎዲፒን ምግብ አይጠብቅም። በባዶ ሆድም ይዋጣል፣ ከእራት በኋላም ይዋጣል። ጾመኛ ከሆኑ የማታውን ሰዓት ይያዙ፤ ይኸው ነው።

እኔ ግን ከጾሙ ይልቅ የምጠረጥረው አንድ አባባል አለ። «ግፊቴ ሲነሳ ይታወቀኛል» የሚለውን። ይህን ሳልሰማ ወደ ቤቴ የገባሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። «ማጅራቴን ይይዘኛል፣ ያን ቀን እውጣለሁ። ደህና ስሆን ኬሚካሉን ለምን እጋተዋለሁ?» ይሉኛል። የሚሉኝ ደግሞ ያልተማሩ ብቻ አይደሉም።

አንዲት እናት ልጃቸውን ሊያሳክሙ መጡ። ግፊት እንዳለባቸው ሲነግሩኝ ኪኒናቸውን አሳዩኝ አልኳቸው። የነጠላቸውን ጫፍ ፈተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት። ነጭ፣ ቢጫ፣ ግማሽ ፍሬ፣ መሀል ላይ አንዲት የሽምብራ ቆሎ። ለካኋቸው፤ 190/110።

«ራስዎን ያምዎታል?»

«ኧረ ምንም! ዛሬማ በጣም ደህና ነኝ።»

ዘንቢላቸውን ተሸክመው ከገበያ በእግራቸው ነው የመጡት። በየቀኑ ይዋጡ ብዬ መድኃኒታቸውን አስተካክዬ ላክኋቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። ማጅራታቸውን ይዘው፣ ፊታቸውን አጨፍግገው፣ «ዛሬስ ግፊቴ ገደለኝ» እያሉ። ለካኋቸው፤ 128/80። ማጅራታቸውን የያዛቸው ትራስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ይህን ታሪክ ለስንቱ እንደነገርኩ አላውቅም። ለአንቺም እነግርሻለሁ፤ አንቺም ለእናትሽ ንገሪያቸው። ደም ሥር ደወል የለውም። ግፊቱ ቀስ እያለ ሲወጣ ሰውነት ይለምደዋል። ሰውየው ደህና ነኝ ይላል፤ ልቡ ግን ይደክማል፣ ኩላሊቱ ይጎዳል፣ የጭንቅላቱ ደም ሥር ይዳከማል። ከዚያ አንድ ጠዋት አፍ ወደ አንድ ጎን ይጣመማል፣ እጅ አልታዘዝ ይላል። «ትናንት ደህና ነበሩ እኮ» ይላል ቤተሰቡ። ደህና አልነበሩም፤ አልተለኩም እንጂ።

ደግሞ «ሲያመኝ እውጣለሁ» የሚለው በአምሎዲፒን ጨርሶ አይሠራም። ይህ መድኃኒት እንደ ፓራሲታሞል አይደለም። ሥራውን የሚጀምረው ቀስ ብሎ ነው። ሙሉ ኃይሉን የሚይዘው በየቀኑ ሳይቋረጥ አንድ ሳምንት ያህል ሲዋጥ ነው። ማጅራት በያዘ ቀን የተዋጠችው አንዷ ፍሬ ግፊቱን ሳይሆን ሐሳብን ነው የምታበርደው።

አሁን ወደ «ሁለት ሁለት» ልምጣ። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። እናትሽ ኪኒኑ የደከመ መሰላቸው። ካልደከመስ? ከበፊቱ በሳምንት ሁለት ወደ 14 ዘለሉ ማለት ነው። ሰባት እጥፍ! ያውም ማንም ሳይለካቸው። ቁርጭምጭሚታቸው ሊያብጥ ይችላል። ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ዞሮባቸው ሊወድቁ ይችላሉ፤ በ61 ዓመት የዳሌ አጥንት መሰበር ከግፊቱ የማይተናነስ መከራ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ወደ አንድ ይመለሱ። መጠን መጨመር ካስፈለገ በቀን አንዱ በትክክል ተውጦ፣ ተለክቶ፣ ሐኪም ይጨምረዋል።

ግን አትደንግጪ። አምሎዲፒን በቀን 10 ሚሊግራምም የሚታዘዝበት ጊዜ አለ። ካላዞራቸው፣ ካልወደቁ፣ የሦስቱ ቀን ነገር ጉዳት አያመጣም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ አንድ ጊዜ ብቻ መለካት ምን ይባላል? ጤና ጣቢያ ገብቶ መለካት ከአንድ ስኒ ቡና በላይ ጊዜ አይወስድም።

እሺ፣ ብልቃጡ። ኪኒን ሦስት ጠላት አለው፤ እርጥበት፣ ሙቀት፣ ብርሃን። አዳማ ላይ ሰው ሁሉ የሚፈራው ሙቀቱን ነው። እኔ እርጥበቱን አስበልጬ እፈራለሁ። አብዛኛው የኪኒን ካርቶን ላይ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች አስቀምጡ የሚል አለ። እኛ ጋ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከሰዓት በኋላ 30ን ማለፉ ብርቅ አይደለም፤ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ሥር ደግሞ ይብሳል። ሆኖም ጥቂት የጋለ ከሰዓት ኪኒን አይገድልም። ፋብሪካዎች መድኃኒት ገበያ ከማውጣታቸው በፊት ለስድስት ወር በ40 ዲግሪ፣ እርጥበት በሞላው ክፍል ውስጥ አቆይተው ይፈትኑታል። ልብ በይ ግን፦ የሚፈትኑት ከነማሸጊያው ነው። አንቺ ማሸጊያውን ገና በጥቅምት አወለቅሽው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የማብቂያ ቀንም የሚሠራው ኪኒኑ ስትሪፑ ውስጥ እስካለ ድረስ ነው።

አምሎዲፒን ብርሃንም አይስማማውም። የማር ብልቃጥ ደግሞ እንደ መስኮት ነው። ቴሌቪዥኑም ሲሠራ ዙሪያውን ያሞቃል።

ፍሪጁ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ይህን የማያምን ብዙ ነው። ቀዝቃዛ የአምቦ ውሃ ከፍሪጅ ስታወጪ ጠርሙሱ ላብ ያልበዋል አይደል? ብልቃጡንም አውጥተሽ ሙቅ ቤት ውስጥ ስትከፍቺው የሚሆነው እሱ ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጤዛ ኪኒኑ ላይ ያርፋል። መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ ፍሪጁ ራሱ ውስጡ ይረጥባል። ካርቶኑ ላይ «ከ2 እስከ 8 ዲግሪ» ካልተባለ በቀር ኪኒን ፍሪጅ አይገባም። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ይገባል፤ እሱም ቢሆን በረዶ ቤቱ ውስጥ አይደለም። የስኳር ታካሚ ቤታችሁ ካለ ይህን ከእናትሽ ኪኒን ጋር አታምታቱት።

ታዲያ የት ይቀመጥ? መኝታ ቤት፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ልብስ መሀል፣ የከሰዓት ፀሐይ በማይመታው ግድግዳ በኩል። ለልጅ እጅ ሩቅ፣ ለቆርቆሮውም ቅርብ ያልሆነ ቦታ። ቁልፍ ካለው እሰየው። ማድቤት አይሆንም፣ መታጠቢያ ቤት አይሆንም፣ ፍሪጅ አናት ላይ አይሆንም። ባጃጅ ወይም መኪና ውስጥማ አይታሰብም።

ስትሪፑን አትፈልቅቂ። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «ሰኞ፣ ማክሰኞ» እያልሽ ጻፊበት። ኪኒኑ እንደታሸገ ይቆያል፤ የተዘለለውም ቀን ቁጭ ብሎ ይታያል። ፋርማሲ ከትልቁ ጣሳ ቆጥሮ በፖስታ የሚሰጥሽ ዓይነት ከሆነ የሦስት ወር አትግዢ፤ የወር የወር ውሰጂ። ከፕላስቲክ ጠርሙስ ጋር የምትመጣውን ትንሽ ከረጢት ደግሞ አትጣያት። እርጥበት የምትመጥ ናት፤ ትቀመጥ፣ ግን አትበላም።

የተበላሸን በምን እንለየው ካልሽ፦ የሚፈረፈር፣ ቀለሙ የተዥጎረጎረ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ ይጣላል። አስፕሪን አቼቶ አቼቶ ከሸተተ አልቆለታል። ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ኪኒን ግን ዓሣ ዓሣ ቢሸት አትደንግጪ፤ ተፈጥሮው ነው። በዚያ ሽታ የተነሳ ጥሩ መድኃኒት ሲጣል ደጋግሜ አይቻለሁ። መልኩ ያማረ ሁሉ ግን ኃይሉም ሙሉ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ 34ቱን ልጣለው ላልሽው፣ አዎ። ሞቷል ብዬ ሳይሆን፣ ስድስት ወር ያለማሸጊያ የቆየ ኪኒን ላይ የእናትሽን ግፊት መጣል ስለማልፈልግ ነው። አዲሱ ተገዝቶ እስኪመጣ ከሱው አንድ አንድ ይዋጡ፤ ከምንም ይሻላል። የተረፈውን ለፋርማሲው መልሺ፤ ጓሮ አትድፊው።

ሐኪም ዘንድ በዚህ ሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ይሂዱ። ከመለካታቸው በፊት ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ፤ አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ከባጃጅ ወርዶ ቆሞ የተለካ ግፊት እኔ አላምነውም። 180/120 ደርሶ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የዓይን ብዥታ ካለ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። የአፍ መጣመም፣ የእጅ መዛል፣ የንግግር መተሳሰር ከመጣማ ቁጥሩንም አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል።

ቀጠሮው ላይ ብልቃጡንም ይዘሽ ሂጂ። እናትሽ ለሐኪሙ «በሳምንት ሁለት ነበር የምውጠው» ይበሉት። ያፍሩ ይሆናል፤ አንቺ አግዢያቸው። ይህን ካልሰማ ሐኪሙ 170ን አይቶ መድኃኒቱ አልበቃም ይልና ሁለተኛ ይጨምራል። ያኔ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሳይዋጥ የሚያረጀው ኪኒን ሁለት ዓይነት ይሆናል።