የአብራሪን ጭንቀት መለካት እንጀራ ይሆናል?

አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የአራተኛ ዓመት የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ የሆንሽው እህቴ፣ «የበረራ ሰልጣኞችን ጭንቀት የሚለካ መሣሪያ መሥራት እፈልጋለሁ። በኢንጂነሪንጉ ልግፋ ወይስ ወደ ሳይኮሎጂ ልዙር?» ብለሽኛል።

መሣሪያውን ለጊዜው ተይው። ደረት ላይ የሚታሰር የልብ ምት መለኪያ ተሠርቶ ያለቀ ነገር ነው። ከባዱ የሚያወጣውን ቁጥር ማንበብ ነው።

ሰው ሲጨነቅ ልቡ ይፈጥናል፣ መዳፉን ያልበዋል። ግን ደረጃ በሩጫ የወጣም ልቡ ይፈጥናል። የላብ ሴንሰር በአዳማ የቀትር ሙቀት ብታስሪለት፣ ጥላ ሥር ቡና የሚጠጣውንም «ተጨንቋል» ይልሻል። ትንሽ አውሮፕላን ውስጥም ሙቀትና ንዝረት አለ። ከምራቅ የሚለካው ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞንም የራሱ ጣጣ አለው። ከፍ የሚለው ከጭንቀቱ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ነው። ሰልጣኙ አውሮፕላኑን እንዳሳረፈ ምራቁን ብትወስጂ፣ የምታገኚው የመነሳቱን ታሪክ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ላይ ደግሞ ያልተጨነቀውም ሰው ኮርቲሶሉ ከፍ ይላል።

ስለዚህ ሰውየውንም መጠየቅ ግድ ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. የታተመው ናሳ ቲኤልኤክስ የሚባል መጠይቅ የሥራ ጫናን በ6 መለኪያዎች ያያል። ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃዋል። ውጤቱ ለአሰልጣኙ እንደሚደርስ ከጠረጠረ ግን ሰልጣኙ «ቀላል ነበር» ብሎ ይሞላልሻል። ልብ ባይዋሽ እጅ ይዋሻል።

ምክሬ፦ ኢንጂነሪንግሽን ጨርሺ፣ ስታቲስቲክስ ከአሁኑ ጀምሪ፣ ሳይኮሎጂውን ለሁለተኛ ዲግሪ አቆዪው። በዚህ ስም የሚወጣ የሥራ ማስታወቂያ ከጠበቅሽ ግን ፀጉርሽ ይሸብታል። ችሎታው የሚፈለገው በበረራ ደህንነት፣ በሕክምና መሣሪያና በትራንስፖርት ሥራ ውስጥ ተደብቆ ነው።

ለመመረቂያ ፕሮጀክትሽ አብራሪ ፍለጋ ቢሾፍቱ ድረስ አትድከሚ። አዳማ ውስጥ የመንጃ ፈቃድ ተለማማጅ ሞልቷል። ወደ ኋላ ፓርክ ሲያደርግ አይተሽው ታውቂያለሽ? ከዚያ በላይ ጭንቀት ከየት ይመጣል! ከዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አውጪ። ከዚያ እያንዳንዱን ከራሱ የዕረፍት ሰዓት ምት ጋር አነጻጽሪው፣ ከጓደኛው ጋር አይደለም። ልምምዱንና የፈተናውን ቀን ለየብቻ ያዢ።

የልብ ምት መለኪያውን መጀመሪያ ራስሽ ላይ ሞክሪው። ፕሮጀክትሽን በመምህራን ፊት ስታቀርቢም አታውልቂው።