ሕዋስ ጓዳውን ሲያጸዳ፦ ከደሴ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

በደሴ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ ሕዋስ ጽዳትና እርጅና ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ እነሆ መልሴ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሕዋስ ራሱን ይበላል ሲባል ደነገጥኩ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ የሚያስፈራው መብላቱን ሲተው ነው። ሕዋስ ያረጀ ክፍሉን በስስ ሽፋን ጠቅልሎ ላይሶዞም ወደሚባለው መፍጫው ይወስዳል፤ ከተፈጨው የተገኘው ለአዲስ ግንባታ ይውላል። ኦቶፋጂ ይባላል። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚ ምስጢሩን የፈታው በእርሾ ነው፤ የዳቦ ሊጣችንን ኩፍ በሚያደርገው በዚያው ፍጡር! መፍጫ ኢንዛይም የጎደለውን እርሾ ምግብ ነፈገው፤ ጥቅልሎቹ ሳይፈጩ ተከማቹና በማይክሮስኮፕ ታዩ። ከዚያም ሥራውን የሚመሩትን ጂኖች ለየ። በ2016 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኘበት።

ጥያቄ፦ የአባቴ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ሐኪሙ ፓርኪንሰን ነው ብሏል። ይገናኛል?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። አዎን፣ ይገናኛል። የነርቭ ሕዋስ እንደ ቆዳ ሕዋስ ቶሎ ቶሎ አይተካም፤ ስለዚህ ቆሻሻውን ራሱ ማስወገድ አለበት። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ጽዳቱ ይዳከማል። ፒንክ1 እና ፓርኪን የሚባሉ ጂኖች የተበላሸውን ማይቶኮንድሪያ፣ ማለትም የሕዋሱን ኃይል ማመንጫ፣ እንዲወገድ ያስለያሉ። ከሁለቱ አንዱ በውርስ ሲበላሽ በሽታው ገና በወጣትነት ሊጀምር ይችላል። አብዛኞቹ ታማሚዎች ግን እንዲህ ያለ የአንድ ጂን ጉድለት የለባቸውም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ረመዳንና ሁዳዴ ዕድሜ ያረዝማሉ?

መልስ፦ አንዱ ቤት ሲያፈጥር ጎረቤቱ ሁዳዴ በሚይዝበት ወሎ ይህ ጥያቄ መደጋገሙ አይገርምም። ምግብ ሲጎድል ጽዳቱን የሚገታው ኤምቶር የተባለው ፕሮቲን ሥራውን ይቀንሳል፤ ያኔ ጽዳቱ ይጀመራል። በእርሾ፣ በትልና በአይጥ ታይቷል። በሰው ላይ ግን ጾም ዕድሜ ማርዘሙ አልተረጋገጠም። የምንጾመው ለፈጣሪ ነው፤ ጾምን የእርጅና መድኃኒት አድርጎ የሚሸጥላችሁን አትስሙት።

ጥያቄ፦ እናቴ ስኳር አለባቸው፤ ኢንሱሊን ይወጋሉ። «ሕዋሴን ላጽዳ» ብለው ሁለት ቀን ምግብ ሳይቀምሱ ሊቆዩ ነው።

መልስ፦ እባክህ ዛሬውኑ አስቁማቸው! ኢንሱሊን ተወግቶ አለመብላት ስኳርን አውርዶ ራስን ያስታል፤ ኢንሱሊኑን በገዛ እጅ ማቋረጥም ለሕይወት ያሰጋል። ስለ ጾም ከሐኪማቸው ጋር ይመካከሩ። የሰውነት እንቅስቃሴም ይህን ጽዳት እንደሚያነቃቃ በአይጥ ታይቷል፤ ጤናቸው ከፈቀደ ሰኞ ገበያ በእግራቸው ደርሰው ይመለሱ።

ጥያቄ፦ ኦቶፋጂ ካንሰርንስ ያጠፋል?

መልስ፦ ሁለት ፊት አለው። ጤናማውን ሕዋስ ከብልሽት ይጠብቃል፤ ዕጢ ከተነሣ በኋላ ግን ካንሰሩም በዚሁ ዘዴ ስንቅ እያገኘ ሊቆይ ይችላል።