ኤክስፕሌይንን በቴክስት ላንብ ወይስ በጄሰን?

ወንድሜ፣ «ደሴ የምሠራበት ሱቅ ውስጥ ከፖስትግሬስ ዳታቤዝ የሚወጣ አንድ ሪፖርት በጣም ይዘገያል። ኤክስፕሌይን (ዳታቤዙ ኩዌሪን፣ ማለትም የቀረበለትን ጥያቄ፣ እንዴት እንደሚሠራው የሚያሳየው ትዕዛዝ) ውጤቱን በቴክስት፣ በጄሰን፣ በያምልና በኤክስኤምኤል ቅርጽ ያወጣል። የቱን ልያዝ?» ብለሃል። በቴክስት ጀምር። ለምን እንደምልህ ከደረሰብኝ ልንገርህ።

ኮምቦልቻ አንድ መጋዘን ውስጥ የዕቃ መቆጣጠሪያ ሲስተም ይዤ ነበር። የወር መጨረሻ ሪፖርቱ 40 ሰከንድ ገደማ ይፈጅ ነበር። ጄሰን የተሻለ መስሎኝ በእሱ አወጣሁና ደሴ ላለ ጓደኛዬ በቴሌግራም ላክሁለት። ሁለታችንም በስልክ ቅንፍ ስንከተል አመሸን። ቴክስት ላይ አንድ መስመር የሆነው ነገር ጄሰን ላይ አሥር፣ አሥራ አምስት መስመር ይወጣዋል። ባፈርስ የሚለውን አማራጭ (ስንት የዳታ ገጽ እንደተነበበ የሚቆጥረውን) ካከልክበት ደግሞ ዜሮውን ሁሉ ይደረድርልሃል።

በማግስቱ ሐረጎን ወጥቼ ደሴ ሄድኩ። ላፕቶፕ ላይ በቴክስት ስናወጣው ችግሩ ወዲያው ታየ። አንዱ መስመር 0.9 ሚሊሰከንድ ይላል፤ ምንም አይመስልም። አጠገቡ ግን ሉፕስ 38,000 የሚል አለ፤ ያ ሥራ 38,000 ዙር ተደግሟል ማለት ነው። 0.9 ሚሊሰከንዱ የአንድ ዙር አማካይ ነው። ሲባዛ 34 ሰከንድ ይሆናል! ከላዩ ያለው መስመር ላይ ዳታቤዙ የገመተው 12 ረድፍ ነበር፤ የመጣው 38,000። ዳታቤዙ የሚገምትበትን ስታቲስቲክስ አደስን፣ በዕቃ ቁጥሩ ላይ ኢንዴክስ (ረድፉን ፈጥኖ የሚያገኝበት ማውጫ) ጨመርን። ሪፖርቱ ከ1 ሰከንድ በታች ወረደ። አንተም መጀመሪያ ግምቱንና እውነተኛውን ረድፍ አስተያይ፣ ከዚያ ጊዜውን በሉፕሱ አባዛ።

ጄሰንን ግን አልጥለውም። ከማስተካከልህ በፊትና በኋላ ያለውን ውጤት በስክሪፕት ለማወዳደር ከእሱ የሚሻል የለም። ግን ከፒኤስኪውኤል (ከፖስትግሬስ የትዕዛዝ መጻፊያ ፕሮግራም) ስትገለብጠው በየመስመሩ መጨረሻ የመደመር ምልክት ይገባበታል፤ ያኔ ማንም መሣሪያ አያነበውም። ፒኤስኪውኤልን ስትከፍት ትልቁን ኤ እና ትንሹን ቲ (-A -t) ጨምርበት፣ ምልክቱ ይጠፋል። ያምልና ኤክስኤምኤልን የሚፈልግ ፕሮግራም ከሌለህ እለፋቸው።

አደራ፣ እውነተኛውን ጊዜና ረድፍ የሚያወጣውን አናላይዝ የሚለውን ቃል ኤክስፕሌይን ላይ ስትጨምር ኩዌሪው በእውነት ይሠራል። ዲሊት (የመሰረዣ ትዕዛዝ) ከሆነ ዳታው ይጠፋል። በቢጊን ጀምረህ፣ የተሠራውን በሚመልሰው በሮልባክ ዝጋው።

ቴክስቱን ስትልክልን ፎቶ አታንሳው፣ በፋይል አድርገው። የትኛው መስመር በየትኛው ሥር እንዳለ የሚታወቀው በመስመሮቹ መጀመሪያ ባለው ገባ ወጣ ነውና እሱ ከተበላሸ ምንም ማለት አንችልም።