ማዕበሉ የወሰደውን አሸዋ መለካት እንጀራ ይሆናል?

ጥያቄሽ ደርሶኛል። በጂኦግራፊ ለመመረቅ አንድ ዓመት ቀርቶሻል። ማዕበል የባሕር ዳርቻን ምን ያህል እንደሸረሸረ ከአውሮፕላን በሌዘር የሚለኩ ሰዎች ሥራ ልብሽን ስቦታል። ግን «ሒሳብ ይከብደኛል፣ አውሮፕላን ላይም ወጥቼ አላውቅም፤ ይሆነኛል ወይ?» ብለሻል።

ይሆንሻል። አውሮፕላኑን ለጊዜው እርሺው። አብዛኛው ሥራ ከበረራው በኋላ ኮምፒውተር ፊት ነው የሚሠራው።

የሥራው እምብርት መቀነስ ነው። ከማዕበሉ በፊት የተለካ የመሬት ከፍታ አለ፣ በኋላ የተለካም አለ። አንዱን ከሌላው ስትቀንሺ የጎደለው አሸዋ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ በሉዊዚያና የሻንደለር ደሴቶችን እንዴት እንደበላቸው የታየው በዚህ መንገድ ነው።

እዚህ ጋ ግን ቆም በይ። ሌዘሩ ከፍታን የሚለካው ብርሃኑ መሬት ነክቶ እስኪመለስ የወሰደውን ጊዜ በመቁጠር ነው። ብርሃን በአንድ ናኖሰከንድ (በሰከንድ ቢሊዮንኛ) 30 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። ጉዞው ደርሶ መልስ ስለሆነ፣ ሰዓቱ አንድ ናኖሰከንድ ቢስት ርቀቱ በ15 ሴንቲ ሜትር ይዛባል። ትንሽ ይመስላል። ርዝመቱ 1 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 100 ሜትር በሆነ ዳርቻ ላይ ግን የከፍታ ልኬቱ በሙሉ 15 ሴንቲ ሜትር ቢዛነፍ 15,000 ሜትር ኩብ አሸዋ ነው! ባሕሩ ያልነካውን «ተወሰደ» ብለሽ ሪፖርት አደረግሽ ማለት ነው። ያንን ቁጥር ይዞ ቤቱን የሚለቅ ሰው ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ጎበዝ ባለሙያ ከአሸዋው በፊት አስፋልቱን ያያል። ማዕበሉ ያልደረሰበት መንገድ ከፍታው አይቀየርም። ሁለቱ ልኬቶች መንገዱ ላይ ካልተስማሙ አሸዋው ላይ የሚሉትን አልቀበልም።

የሚያስፈልግሽ ሒሳብም ይኸው ስሕተትን የመመዘን ሒሳብ ነው። የስታቲስቲክስ ኮርሱን እንዳትዘይው፣ እባክሽ። ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋም ትንሽ ጨምሪበት።

ለሥልጠና ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት አንድ ሥራ ሠርተሽ አሳዪ። ኖዓ (NOAA) የተባለው የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት የሌዘር ልኬቶችን በዲጂታል ኮስት ገጹ ላይ በነፃ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ የሰነጠቀውን የኒውዮርኩን ፋየር ደሴት ውሰጂ። የበፊቱንና የኋላውን ኪውጂአይኤስ (QGIS) በተባለው የካርታ ሶፍትዌር ቀንሺ፤ እሱም ነፃ ነው። ከቅየሳ ድርጅት ወይም ከባሕር ዳርቻ ምሕንድስና አማካሪ ዘንድ ስታመለክቺ ካርታውን ከሲቪሽ ጋር አያይዢው።

መጀመሪያ ግን ለእኔ ላኪልኝ፤ አስፋልቱ ላይ ያገኘሽውን ልዩነት ሳትረሺ።