የሞንጎሎች ዘመን የብር ዲርሃም፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ኢራንና ኢራቅን የገዙት ሞንጎሎች፣ ማለትም ኢልኻኖች፣ ስላስመቱት የብር ገንዘብ የጠየቃችሁኝን እነሆ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ኢልኻን ሁላጉ ሙስሊም አልነበረም። ታዲያ ገንዘቡ ላይ የቁርኣን አንቀጽ ምን ይሠራል?
ተቀባዩ ነጋዴ ሙስሊም ነዋ! አንቀጹም እንዲሁ አልተመረጠም። ከሱራ አል-ኢምራን 26ኛው ነው፤ አላህ ንግሥናን ለሚሻው ይሰጣል፣ ከሚሻውም ይነጥቃል ይላል። በ1258 ባግዳድን ይዞ ኸሊፋውን ያስገደለ ሰው ይህን ሲያስጽፍ ምን ማለቱ እንደሆነ ለማንም አይጠፋውም። ልብ በሉ፣ ከራሱ ስም በፊት የወንድሙን የሞንግኬን ስም አስቀድሟል፤ ሞንግኬ የሞንጎሎች ሁሉ የበላይ ገዢ፣ ማለትም ታላቁ ካን ነበር።

መስቀል ያለበት አየሁ። ፎርጅድ ነው?
የግድ አይደለም ወንድሜ። ከሁላጉ በኋላ በገዙት በአባቃና በአርጉን ዘመን ቲፍሊስ፣ በዛሬዋ ጆርጂያ፣ መስቀል ያለበትና በዓረብኛ "በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ፣ አንድ አምላክ" የሚል ዲርሃም ይመታ ነበር። ይልቅ ጠርዙን እይ። እውነተኛው በመዶሻ የተመታ ነው፤ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ከሆነ ዙሪያውን መስመር ይታይበታል።

የወረቀት ገንዘብ ሞክረዋል የሚባለውስ?
እውነት ነው። በ1294 ኢልኻኑ ጋይኻቱ ካዝናው ሲራቆትበት ከቻይና የተቀዳ "ቻው" የሚባል ወረቀት በታብሪዝ አወጣ። አልቀበልም ያለ ይገደላል ተባለ። ሱቁ ተዘጋ፣ እህል ጠፋ፣ በሁለት ወር ገደማ ተሻረ።

ጋዛን ለምን ይህን ያህል ይወደሳል?
ይገባዋል! ከእሱ በፊት በየከተማው ክብደቱም ጥራቱም ይለያይ ስለነበር ነጋዴ ከአንዱ ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር ይከስር ነበር። ጋዛን በ1295 ሰልሞ ከነገሠ በኋላ አንድ መለኪያ አወጣ። ዲርሃሙ 2.16 ግራም፣ ድርቡ 4.32፣ ስድስት ዲርሃም ደግሞ አንድ የብር ዲናር ሆነ። የታላቁን ካን ስም አውጥቶ "በሰማይ ኃይል፣ ጋዛን" አስባለ። አንዷ ሳንቲም ላይ ዓረብኛ፣ ኡይጉር (ሞንጎልኛ የሚጻፍበት) እና ፋግስፓ (ለኩብላይ ካን የተፈጠረ) ፊደል አብረው ይገኛሉ፤ ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ የለም።

እጄ ላይ ያለው የማን እንደሆነ በምን ልወቅ?
የ12ቱ ኢማሞች ስም ካለበት የጋዛን ወንድምና ተተኪ የኦልጀይቱ ነው፣ ሺዓ ከሆነ በኋላ። ከነቢዩ በኋላ የተከተሉት የአራቱ ኸሊፋዎች ስም ከሆነ የልጁ የአቡ ሰዒድ ወይም የኦልጀይቱ የመጀመሪያ ዓመታት ይሆናል። ዓመቱ "33" ብቻ ከሆነ አትደናገሪ እህቴ፤ ጋዛን ባስጀመረው የኢልኻን አቆጣጠር ስለሆነ 1333 አካባቢ ነው። በአቡ ሰዒድ ጊዜ ክብደቱ እየቀነሰ ስለሄደ በሚዛን ይረጋገጣል።

ጠቁሯል፣ ላጽዳው?
በፍጹም። ሎሚም አመድም አታስነኩት።