ሁለት መድኃኒት ያልያዘለት ጨቅላ፦ ቀዶ ሕክምናው እስኪያድግ ይጠብቅ ወይ?

ሰላም እህቴ። እግዚአብሔር ይማርልሽ። የሰባት ወር ልጅሽን የሚጥል በሽታ ይዞታል፣ ሁለት መድኃኒት ተሞክሮ አልቆመለትም፣ ሐኪሙ ደግሞ «ለጭንቅላት ቀዶ ሕክምና ይታይ» ብሎሻል። አንቺ የጠየቅሽው «በዚህ ዕድሜ ጭንቅላት ይከፈታል ወይ? ጠንከር እስኪል ብጠብቅ አይሻልም?» ነው።

የእኔ ልጅ ዓመት ሳይሞላው ነው የተሠራለት። እዚሁ ጎንደር ተወለደ፣ ሕክምናውን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ጀመረ፣ አዲስ አበባ ታየ፣ በመጨረሻ ሕንድ ተሠራ። ሐኪም አይደለሁም። ያየሁትንና ከሐኪሞቹ የሰማሁትን ነው የምነግርሽ።

ቀዶ ሕክምናው የሚሆነው ልጅ ከሆነ፣ «ገና ሕፃን ነው» ብሎ መጠበቅ ይጎዳዋል። የሕፃን አእምሮ በየቀኑ የሚሠራበት ጊዜ ነው። በየቀኑ የሚያንቀጠቅጠው ልጅ መቀመጥ፣ መሳቅ፣ ድምፅ ማውጣት የሚማርበትን ጊዜ እያጣ ነው የሚሄደው። ደግሞ የጨቅላ አእምሮ የተጎዳውን ክፍል ሥራ ወደ ጤነኛው የማዛወር አቅም አለው። ይህ አቅም ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ይቀንሳል።

ሁለት መድኃኒት ስትዪ ግን አንድ ነገር አጣሪ። ዓለም አቀፉ የሚጥል በሽታ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ትርጉም፣ መድኃኒት አልያዘም የሚባለው በትክክል የተመረጡ ሁለት መድኃኒቶች በትክክል ተወስደው ሕመሙን ማቆም ሲያቅታቸው ነው። መጠኑ በኪሎ ነው የሚሰላው። ልጅሽ አራት ኪሎ እያለ የታዘዘለት ፌኖባርብ ሰባት ኪሎ ሲሆን አይበቃውም። ክኒኑን ፈጭተሽ በማንኪያ ስትሰጪው ግማሹን ከተፋው፣ ወይም ፋርማሲው ጨርሶ ሳምንት ከተቋረጠ፣ ያ መድኃኒት ገና በወጉ አልተሞከረም። ሁሉም በትክክል ተወስዶ ካልቆመ ግን ሦስተኛ፣ አራተኛ እያሉ ወራት ማሳለፉ ብዙም ተስፋ የለውም። ያኔ ነው ለቀዶ ሕክምና መታየት ያለበት።

ሌላው የሚያስቸኩል ነገር ዓይነቱ ነው። ከእንቅልፍ ሲነቃ እጁን ወደ ላይ ወርወር፣ አንገቱን ደፋ እያደረገ፣ ትንሽ አርፎ እንደገና፣ እንደገና ይደጋግመዋል? የእኔን ልጅ አማቴ «ደንግጦ ነው» ይሉ ነበር። አንድ ክሊኒክም ቁርጠት ነው ብሎ መልሶናል። ይሄ የጨቅላ ሕፃናት ስፓዝም የሚባለው የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ፌኖባርብ ለእሱ እምብዛም አይሠራም። ሕክምናው የሆርሞን መርፌ፣ ፕሬድኒሶሎን ወይም ቪጋባትሪን ነው፣ ደግሞም በቶሎ መጀመር አለበት። ስለ ቫይታሚን ቢ6ም ጠይቂ። አንዳንድ ጨቅላ በእሱ ብቻ የሚቆምለት አለ።

ስለዚህ ዛሬውኑ በስልክሽ ቪዲዮ ቅረጪ። ጋቢውን ግለጪው፣ መብራት አብሪ፣ ፊቱም እጅና እግሩም ይታይ። ስሙን ጥሪው። የትኛው ጎን እንደሚጀምር፣ ዓይኑ ወዴት እንደሚዞር ይግባ። የእኔን ልጅ ሐኪም ልቡን የሳበው ሁሌም ግራ እጁ ቀድሞ መጀመሩ ነበር። ከዚያ ነው ኤምአርአይ (የአንጎልን ውስጥ በዝርዝር የሚያሳይ ምስል) ይነሳ ያሉን።

ሁሉም ልጅ አይሠራለትም፣ ይሄን እያወቅሽ ሂጂ። ቀዶ ሕክምናው የሚሆነው ሕመሙ ከአንድ ቦታ ወይም ከአንድ ጎን ሲነሳ ነው። ከመወለዱ በፊት አንድ የአንጎል ክፍል በትክክል ሳይሠራ ሲቀር፣ በወሊድ አካባቢ አንዱን ጎን ስትሮክ ሲመታው፣ ቱበረስ ስክሌሮሲስ ወይም ስተርጅ ዌበር የሚባሉት አብረው የሚወለዱ በሽታዎች ሲኖሩ። በምጥ ጊዜ ታፍኖ ሁለቱም ጎን የተጎዳበት ልጅ፣ በእኛ አገር ብዙ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ አይሆንም። ለማወቅ ኢኢጂ (የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመዘግብ ምርመራ) እና ኤምአርአይ ያስፈልጋል። ኤምአርአዩ ለሚጥል በሽታ ተብሎ በዝርዝር ይነሳ። በጨቅላነት ንጹሕ ቢመስልም በኋላ ተደግሞ ጉዳቱ የሚታይበት ጊዜ አለ።

የእኔ ልጅ የቀኙ የአንጎል ግማሽ ከልክ በላይ አድጎ የተበላሸ ነበር። የተሠራለት ሄሚስፌሮቶሚ ነው። ግማሹን ሙሉ በሙሉ አውጥተው አይጥሉትም። ከተወሰነ ክፍል በቀር እዚያው ትተው ከጤነኛው ጋር የሚያገናኘውን ይቆርጡታል። ችግሩ ትንሽ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ያችን ብቻ ያወጣሉ።

አደጋውን አልደብቅሽም። የሰባት ኪሎ ልጅ ያለው ደም በሙሉ ከግማሽ ሊትር ሃይላንድ ብዙም አይበልጥም። ትንሽ ደም ቢፈስ ለእሱ ብዙ ነው። ስለዚህ ጨቅላ ሕፃናትን የለመደ ቀዶ ሐኪም፣ ማደንዘዣ ሰጪና ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከሌለበት ቦታ አታሠሪ። በኋላም ውሃ ጭንቅላት ውስጥ ተጠራቅሞ ሌላ ቀዶ ሊያስፈልግ ይችላል። ሕይወትም ያልፋል፣ ጥቂት ቢሆንም። ከተሠራለት ማግስት ፊቱ አብጦ ዓይኑ አልገለጥ ብሎ ሳየው ጉልበቴ ነው የከዳኝ። ሐኪሞቹ የሚጠበቅ ነው አሉኝ፣ እውነትም ጎደለ።

አሁን አይጥለውም። መድኃኒት ግን ወዲያው አላቆመም፣ ቀስ እያሉ ነው የቀነሱለት። በግራ እጁ ጣቶች ነገር መቆንጠጥ አይችልም። ሲሄድ ያነክሳል። የግራውን የእይታ ክፍልም አጥቷል። ሲበላ ትሪው ላይ በስተግራ ያለውን ፍርፍር ይተወዋል፣ እኛ ትሪውን እናዞርለታለን። ግን ይናገራል፣ ይሮጣል፣ ከእህቱ ጋር ይጣላል፣ ኬጂ ገብቷል። ለእኔ ይሄ ብዙ ነው።

ዴልሂ ውስጥ 116 ሕፃናትና ልጆች የተካተቱበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። በዓመቱ ከተሠራላቸው 77 በመቶው፣ በመድኃኒት ብቻ ከቆዩት ደግሞ 7 በመቶው ብቻ ነበሩ ሕመሙ የቆመላቸው። ከተሠራላቸው አንድ ሦስተኛው ከባድ ጉዳት ገጥሟቸዋል፣ አብዛኛው አስቀድሞ የሚጠበቀው የአንድ ጎን መድከም ነው። ሁሉም ጨቅላዎች አልነበሩም፣ ዕድሜያቸው እስከ 18 ዓመት ይደርሳል።

ውጭ አገር ካሰብሽ በደላላ አትሂጂ። ኤምአርአዩን በሲዲ ተቀበይ፣ ፊልሙ ብቻ አይበቃም። ሲዲውን፣ ኢኢጂውንና ቪዲዮውን ቀድመሽ ላኪ። ይሠራለታል ወይስ አይሠራለትም የሚለውን በጽሑፍ ሳትቀበይ ቤት አትሽጪ፣ ቲኬት አትቁረጪ።

ጠበሉን እኔም ወስጄዋለሁ፣ እምነቴም ነው። መድኃኒቱን ግን ለጠበል ብለሽ አታቋርጪው። ድንገት ሲቆም ሕመሙ ተከታትሎ ይመጣና ይገድላል። ሲጥለው ክብሪት አታሽትቺው፣ አፉ ውስጥም ምንም አታስገቢ። በጎኑ አስተኚው፣ ሰዓት ተመልከቺ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይዘሽው ሩጪ።

በቀጠሮሽ ቀን ሐኪሙን እነዚህን ጠይቂው፦ ሕመሙ ከአንድ ጎን ነው ወይ? የመድኃኒቱ መጠን አሁን ላለው ኪሎ ይበቃል ወይ? ለሕፃናት ነርቭ ሐኪም ሪፈር መቼ ይጻፍልኛል? ኤምአርአይ ተነስቶ ከሆነ ደግሞ የሪፖርቱን ጽሑፍ ስሙን ሸፍነሽ እዚህ ለጥፊልኝ፣ እኔ የጠየቅኋቸውን ጥያቄዎች እጽፍልሻለሁ።