የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ «1800» የተሠራበት ዘመን ነውን?

ጥያቄ፦ በጣና ሐይቅ ዳር የሞተር ጀልባዎችን የፕሮፔለር ዘንግ በሚያድስ ጋራዥ ውስጥ በረዳትነት እሠራለሁ። የምንሠራበት ቶርኖ፣ ማለትም ብረትን እያዞረ የሚቆርጠው ማሽን፣ ፊቱ ላይ «ኮልቸስተር»፣ ከሥሩም «ስቱደንት 1800» የሚል ጽሑፍ አለው። አለቃዬ ማሽኑ በፈረንጆች 1800 ዓመተ ምሕረት የተሠራ መሆኑን ለደንበኞች ሁሉ ይናገራሉ። በእርግጥ ይህን ያህል ዕድሜ አለው? ደግሞስ የሚሊሜትር ጥርስ ያለው ቡሎን ስናወጣበት ዳዶው ጥቂት ዙር ገብቶ የሚነክሰው ለምንድን ነው?
ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ አለቃዎን ማሳፈር አንፈልግም፤ ነገር ግን በማሽኑ ዕድሜ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ጨምረውበታል። እ.ኤ.አ. በ1800 ገደማ ሄንሪ ሞድስሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ባለሙያ የብሎን ጥርስ በትክክል የሚያወጣውን ቶርኖውን ለንደን ውስጥ ገና እየሠራ ነበር። በዚያን ጊዜ የእናንተን ማሽን የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር ጭራሹን አልተፈለሰፈም። የኮልቸስተር ቶርኖ ኩባንያ ራሱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1887 ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኤሴክስ ከምትገኘው የኮልቸስተር ከተማ ነው።

1800 የሚለው ቁጥር ማሽኑ በደቂቃ ሊዞር የሚችለውን ከፍተኛ ዙር ያመለክታል። የኩባንያው ሌሎች ሞዴሎችም በዚሁ መንገድ ተሰይመዋል፦ «ማስተር 2500»፣ «ትራያምፍ 2000»፣ «ማስኮት 1600»። ከእነዚህ ውስጥ ትልቁ ማስኮት ዝቅተኛውን ቁጥር መያዙ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ወፍራም ብረት በተመሳሳይ ዙር ሲዞር ጠርዙ ከቀጭኑ ይልቅ እጅግ ስለሚፈጥን፣ ትልቅ ሥራ የሚይዝ ማሽን ያን ያህል ዙር አያስፈልገውም። «ስቱደንት» ደግሞ ተማሪ ማለት ነው፤ ሞዴሉ በእርግጥም በብዙ አገሮች የሙያ ማሠልጠኛዎች ውስጥ ተማሪዎች የተለማመዱበት ነው።

ቁጥርን ከዓመተ ምሕረት ጋር ማምታታት የአለቃዎ ብቻ ስሕተት እንዳይመስልዎ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1954 የተጠቃለለበት ድርጅት «600 ግሩፕ» ይባላል፤ 600ም በለንደን ኮሜርሻል ሮድ የነበረው የድርጅቱ የቤት ቁጥር ነበር። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1971 በዮርክሻየር፣ በሄክመንድዋይክ ከተማ ይሠራ የነበረውን ሃሪሰን የተባለ ሌላ የቶርኖ አምራች ጠቀለለ። ከጊዜ በኋላም የኮልቸስተር ማምረቻ ወደዚያው ተዛወረ፤ ስለዚህ ስሙ ከከተማው ቢለያይም በማሽኖቹ ላይ ቀረ።

ወደ ዳዶው እንምጣ። የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ለረጅም ዘመን የሠሩት በኢንች ነው፤ ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 ያቀረበው የብሎን ጥርስ መለኪያም በኢንች የሚቆጠርና 55 ዲግሪ ማዕዘን ያለው ነበር። አገሪቱ ወደ ሜትር ሥርዓት መዞር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ከጊርቦክሱ አጠገብ ያለውን ሠንጠረዥ ይመልከቱ፤ የማሽኑ ሊድ ስክሩ (ጥርስ ሲወጣ መቁረጫውን በልኩ የሚጎትተው ረጅም ብሎን) በኢንች የተቆረጠ ከሆነ፣ በተራ ማርሾች የሚወጣው የሚሊሜትር ጥርስ ለልኩ የቀረበ እንጂ ልኩ አይሆንም። ስሕተቱ በየጥርሱ እየተደመረ ስለሚሄድ ዳዶው ጀምሮ ይነክሳል። መፍትሔው 127 ጥርስ ያለው ማርሽ ነው። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር በመሆኑ አምስት ኢንች በትክክል 127 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ይህ ማርሽ ሁለቱን መለኪያዎች ያለ ትርፍራፊ የሚያገናኘው በዚህ ምክንያት ነው። ሠንጠረዡ የሚሊሜትር ቁጥሮችንም የያዘ ከሆነ ግን ማርሽ ከመፈለግዎ በፊት ማንሻዎቹ በትክክል መቀመጣቸውንና የመቁረጫው ጫፍ መሳሉን ይመርምሩ፤ የሚሊሜትር ጥርስ 60 ዲግሪ ስለሆነ በ55 የተሳለ መቁረጫ ዳዶውን ያስነክሳል።

በኢንች ሊድ ስክሩ የሚሊሜትር ጥርስ ሲያወጡ፣ ሊድ ስክሩን የሚጨብጠውን ግማሽ ዳዶ ሥራው እስኪያልቅ አይክፈቱት። መቁረጫውን ወደ ኋላ ስበው ማሽኑን በተቃራኒው አቅጣጫ በማዞር ወደ መነሻው ይመልሱት፤ ከፈቱት ግን መቁረጫው በሁለተኛው ዙር የቀደመውን ፈለግ ስቶ ያወጡትን ጥርስ ይቆርጠዋል።